የሮማን የወርቅ ሳንቲም እንዴት እናንብብ? ከሚዛን እስከ ክንፍ

የሮማ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም፣ ወይም ጥርት ያለ ፎቶው፣ እጃችሁ ሲገባ ዓይን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉን መጨረሻ ላይ አቆዩት። መጀመሪያ ክብደቱ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ።

አዳማ ውስጥ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ስታስመዝኑ ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ መሆኑን ጠይቁ። አውሬውስ የሚባለው ሳንቲም (ስሙ የመጣው ወርቅ ከሚለው የላቲን ቃል እንጂ ከዱር አውሬ አይደለም) በአውግስጦስ ዘመን 7.8 ግራም ገደማ ነበር። ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ወደ 7.3 ግራም አወረደው። ኋላ የመጣው የቆስጠንጢኖስ የወርቅ ሳንቲም፣ ሶሊደስ፣ ደግሞ ከአንድ ሊብራ (የሮማ የክብደት መለኪያ) 72 ስለሚወጣ 4.5 ግራም አካባቢ ነው። ማንጠልጠያ ቀለበት ከተበየደበት ክብደቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከንጉሡ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ የብየዳ ምልክት እንዳለው እዩ።

ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አጥልቁት፤ ታቹንም ጎኑንም አያስነኩት። 7.3 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ወርቅ ሚዛኑ ላይ 0.38 ግራም አካባቢ ያሳያል፤ ነሐስ ወይም ናስ ከሆነ ከ0.8 በላይ ይወጣል። ሚዛኑ እስከ 0.1 ብቻ ካነበበ ውጤቱ ዋጋ የለውም። የሳንቲሙ ገጽ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ቁጥሩ ይጨምራል፣ እውነተኛውንም ሐሰተኛ ያስመስለዋል። ፈተናውን ማለፉ ወርቅነቱን እንጂ ጥንታዊነቱን አይናገርም። ወርቅ ሠሪው በመፈተኛ ድንጋይ ልሻው ወይም አሲድ ላድርግበት ቢላችሁ እምቢ በሉ። ከመሬት የወጣ ከሆነም አትጠቡት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ድንገት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት ይነገራል።

አሁን ጽሑፉ። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ መስኮት አጠገብ ያዙት፤ የአዳማ የቀትር ፀሐይ ፊደሉን አጥፍቶ ወርቁን ብቻ ያብለጨልጨዋል። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ፊት 7 ቁጥር ካለበት ቦታ ተነሥቶ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይሄዳል። ቃላቱ ተያይዘው ስለሚቀረጹ በግእዝ የለመድናቸውን ሁለት ነጥቦች አትጠብቁ። በ«ዩ» ፈንታም «ቪ» ነው ያለው።

አንድ የሮማ ንጉሥ የትራጃንን ሳንቲም ፊደል በፊደል እንውሰድ። «አይ ኤም ፒ» ኢምፔራቶር (የጦር አዛዥነት ማዕረግ) ነው። ስሙ «ትራያኖ» ተብሎ በ«ኦ» ማለቁ የቀራጩ ስሕተት አይደለም፤ የእኛን «ለ» ይመስላል፣ «ለትራጃን» ማለት ነው። «ኤ ቪ ጂ» አውግስጦስ፣ «ጂ ኢ አር» ጀርማኒኩስ (ጀርመኖችን ያሸነፈ)፣ «ዲ ኤ ሲ» ዳኪኩስ (ዳኪያን ያሸነፈ)። «ፒ ኤም» ሊቀ ካህናት፣ «ቲ አር ፒ» የትሪቡን (የሕዝብ ጠበቃ ሹም) ሥልጣን፣ «ሲ ኦ ኤስ» ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ሹም)፣ «ፒ ፒ» የአገር አባት። ዘመኑን የሚነግራችሁ ከ«ሲ ኦ ኤስ» ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ትራጃን ለ5ኛ ጊዜ ቆንስል የሆነው እ.ኤ.አ. በ103፣ ለ6ኛ ጊዜ በ112 ነው። ቁጥሩ 6 ሆኖ በስሙ ላይ ገና «ኦፕቲሙስ» (ከሁሉ የተሻለው) ካልተጨመረ፣ ያ ማዕረግ የመጣው በ114 ስለሆነ፣ ሳንቲሙ በ112 እና በ114 መካከል ተመታ ማለት ነው። በሮማ ቁጥር 5 «ቪ»፣ 6 «ቪ አይ» ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲደበዝዝ አንዱን ከሌላው ማሳሳት ቀላል ነው፤ በአጉሊ መነጽር ከ«ቪ» በኋላ ያለችውን ቀጥ ያለች መስመር ፈልጉ።

በኋለኞቹ ሶሊደሶች ጀርባ ከታች «ኮኖብ» የሚል ታያላችሁ፦ «ኮን» ቁስጥንጥንያ፣ «ኦብ» የነጠረ ወርቅ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ከተማውን ይደመድማል፤ ነገር ግን ምልክቱ ሌላ ቦታ በተመቱትም ላይ ይገኛል።

ሥዕሉ ላይ ስንደርስ፣ በጀርባው የተቀረጸችው ሴት የያዘችው ዕቃ ማንነቷን ይናገራል። ሚዛን ይዛ የቆመችው ኤኲታስ (የፍትሐዊነት አምላክ)፣ የመርከብ መሪ የያዘችው ፎርቱና (የዕድል አምላክ) ናት። ሳሉስ እባብ ስትመግብ ብታዩ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሳሉስ የጤና አምላካቸው ነበረች።

ክንፍ ያለውን ሁሉ መልአክ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። በ5ኛው መቶ ዘመን ሶሊደስ ላይ ረጅም መስቀል ይዛ በጎን የምትታየው፣ መስቀሉ ቢያታልልም፣ የድል አምላካቸው ቪክቶሪያ ነች፤ ቀሚሷ ከጡቷ ሥር ታጥቋል። መልአኩ የገባው በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በቀዳማዊ ጀስቲን ጊዜ ነው፤ እሱ ወንድ ነው፣ የሚቆመውም ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ነው።