ጀርመንኛ የምትማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኤክስቼንጁን ሳትመረቁ ሞክሩት

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጀርመንኛ የሚማር ልጅ በዝቷል፣ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ጆሮ ብትሰጡ ዴር ዲ ዳስ እያለ የሚያነበንብ አይጠፋም። ምን አሰብክ ስትሉት ግን መልሱ ያው ነው፣ "መጀመሪያ ልመረቅና ከዛ ማስተርስ እሞክራለሁ"። እኔም እንደዛ ብዬ ነው የተሸወድኩት። ኤክስቼንጅ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መመለስ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመዝግቦ እየተማረ ላለ ልጅ ነው፣ ዲግሪያችሁን ተቀብላችሁ ከወጣችሁ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ረጅምም ውድም ነው። ስለዚህ ሁለተኛና ሶስተኛ አመት ያላችሁ ስሙኝማ።

መጀመሪያ ቋንቋው። ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋሙ፣ ከኛ ሰፈር ሁለት ሶስት ታክሲ ነው፣ ከክላስ በኋላ ማታ መመለሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኮርሱን እዛ ሳትማሩም ግን ፈተናውን ብቻ ተመዝግቦ መውሰድ ይቻላል፣ ማዳመጥና ማንበቡን በዶቼ ቬለ ነፃ የኦንላይን ኮርስ ቤት ሆናችሁ ትገፉታላችሁ፣ ለመጻፍና ለመናገር ግን የሚያርማችሁ ሰው ፈልጉ፣ በራስ አይሆንም። የጎተ ቢ1 (የመካከለኛ ደረጃ) ፈተና አራት ሞጁል ነው፣ ሌዘን (ማንበብ)፣ ሆረን (ማዳመጥ)፣ ሽራይበን (መጻፍ)፣ ሽፕሬኸን (መናገር)፣ እያንዳንዱ ከ100 ሆኖ ማለፊያው 60። አንዱን ብትወድቁ እሱን ብቻ መልሶ መፈተን ይቻላል። እኔ ሽራይበን 54 መጥቶብኝ ሁሉም ነገር የተበላሸ መስሎኝ አንድ ወር ሙሉ ደብተር ሳልከፍት ቀረሁ፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እና ደግሞ ከ"ቫይል" (ምክንያቱም) በኋላ ግሱ መጨረሻ ሲሄድ አትደናገጡ፣ አማርኛችን ሁሌም እንደዛ አይደል፣ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ እያሰባችሁ ጻፉት።

ቢ1 ከያዛችሁ የመጀመሪያው ነገር የዳአድ (የጀርመን የተማሪ ልውውጥና ስኮላርሺፕ ድርጅት) የሰመር ኮርስ ስኮላርሺፕ ነው፣ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሶስት አራት ሳምንት ቋንቋና ባህል የምትማሩበት። ቢያንስ ሁለት አመት የተማረ ተማሪ ይፈልጋሉ። ሲቪ፣ ሞቲቬሽን ሌተር፣ ትራንስክሪፕትና የቋንቋ ሰርተፊኬት በፖርታላቸው ይጫናል። የዳአድ የስኮላርሺፕ ዳታቤዝ ላይ አገር ኢትዮጵያ፣ ከዛ ያላችሁበትን ደረጃ መርጣችሁ ብትፈልጉ ለእናንተ የሚሆነውን ብቻ ለይቶ ያወጣላችኋል፣ ከቴሌግራም ቻናል ወሬ እሱ ይሻላል። ሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ "ጀርመን ውብ አገር ናት" ምናምን አትበሉ፣ የምትማሩት ትምህርትና ጀርመንኛው የት ጋ እንደሚገናኙ ጻፉ።

ሁለተኛው ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ህብረት ፕሮግራም ነው፣ ከሁለት ወር እስከ አስራ ሁለት ወር ጀርመን ተምራችሁ ክሬዲቱ እዚህ የሚያዝላችሁ። የምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ አያስከፍልም፣ ወርሃዊ ድጎማና የመጓጓዣም አለው። ልብ በሉ፣ እሱን ብድግ ብላችሁ ብራስልስ ወይ በርሊን አታመለክቱም፣ ግቢያችሁ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የግቢያችሁን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሂዱና "ከጀርመን ከየትኛው ጋር ነው ስምምነት ያለን፣ የኔ ዲፓርትመንት አለበት ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ለጥፈው የሚጠብቋችሁ እንዳይመስላችሁ። ካለ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ለርኒንግ አግሪመንቱን (እዛ የምትወስዷቸው ኮርሶች የሚጻፉበትን ስምምነት) እናንተ፣ እዚህ ያለውና እዛ ያለው ግቢ ሶስታችሁም ትፈርማላችሁ፣ እሱ ካልተፈረመ ስትመለሱ ኮርሱን ድገሙ ትባላላችሁ።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የሙሉ ዲግሪ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ለዊንተር ሴሚስተር እስከ ጁላይ 15፣ ለሰመር ሴሚስተር እስከ ጃንዋሪ 15 ነው የሚቀበሉት፣ በኛ ሐምሌ 8 እና ጥር 7 አካባቢ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል ከተባለ የነሱ እኩለ ሌሊት ነው፣ በክረምታቸው ለኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት። ይሄንን ያወቅኩት እኔ በመጨረሻው ማታ ፋይል ስጭን መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርኩ አብሮት ሄዶ፣ ስልኬ 9 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ሁለት ሰዓት ትርፍ ነበረኝ፣ እሱም አላዳነኝም። ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጫኑት።

ውጤታችሁ ወደነሱ ሲቀየር ደግሞ አትደንግጡ፣ እነሱ ጋ 1.0 ምርጡ ነው፣ 4.0 ደግሞ ማለፊያ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ4.00 ላይ የእናንተን ጂፒኤ ቀንሱ፣ በ2 አካፍሉ (4.00 ሲቀነስ ማለፊያው 2.00 ማለት ነው)፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። 3.20 ያለው 2.2 ይሆናል፣ 3.50 ያለው 1.75።

ኤክስቼንጁ ካመለጣችሁና ሙሉ ዲግሪ ካሰባችሁ፣ ብዙዎቹ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ግን ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ለመጣ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ነፃ ነው ሲሏችሁ የማይነግሯችሁ ዝግ አካውንቱን ነው፣ ለቪዛ ብላችሁ የመኖሪያ ገንዘብ ቀድማችሁ የምታስቀምጡበትን፣ ከ2024 ሴፕቴምበር ጀምሮ ለአመት 11,904 ዩሮ አስቀምጡ ይላሉ፣ በወር 992 ማለት ነው። ስኮላርሺፕ ያለው ወይ ጀርመን የሚኖር ሰው በህግ ስፖንሰር የሆነለት አይጠየቅም። ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ማመልከቻ በሚቀበለው ዩኒ አሲስት በሚባለው ካመለከታችሁ የመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ነው፣ እሱንም የሚከፍልላችሁ ካርድ ያለው ሰው ከአሁኑ ፈልጉ።

የቀረኝ ስም ነው። ብሎካችን ያለች አንድ ልጅ ሁሉን አሟልታ ላፕቶፕ ይዛ መጣች፣ ፓስፖርቷ ላይ ሐና በአንድ ኤን ነው፣ ትራንስክሪፕቷ ላይ በሁለት ኤን መጨረሻው ላይ ኤች ተጨምሮበት፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍሏ ሰርተፊኬት ላይ ደግሞ የአያቷ ስም ሌላ ስፔሊንግ ነው። ለኛ አንድ ሰው ናት፣ ለነሱ ግን ሶስት። ማመልከቻው ሊዘጋ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ያየነው። አሁን ሬጅስትራር ደብዳቤ አስገብታ እየጠበቀች ነው፣ እናንተ ዛሬ ማታ ሶስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩዋቸው።