የፎቶኤሌክትሪክ ሴንሰር ሲሳሳት፦ ከምልክቱ ወደ ካታሎጉ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባሉ የማሸጊያ መስመሮች ላይ የብርሃን ሴንሰር (በብርሃን ጨረር ዕቃ መኖሩን የሚለይ መሣሪያ) ሲያስቸግር ነቅሎ በአዲስ መተካት የተለመደ ነው፤ አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ስህተት ይደግማል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በተወሰነ ሁኔታ ስለሆነ፣ ከመንቀልዎ በፊት ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ የሰፈረውን ማብራሪያ እንዲያነቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ምልክት፦ ማለዳ ይሳሳታል፣ ረፋድ ላይ ራሱ ይስተካከላል

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ወቅት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርዱ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው በመሆኑ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚያ ወሰን አይደርስም። ዋናው ተጠርጣሪ ጤዛ ነው፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ሌንስና ሪፍሌክተር (ብርሃኑን ወደ ሴንሰሩ የሚመልሰው አንጸባራቂ)፣ የጠርሙስ ማጠቢያው ሥራ ሲጀምር በሚወጣው ሞቃት እንፋሎት ይሸፈናል። ካታሎጉ የአየር እርጥበትን በሚገልጽበት መስመር ላይ «ጤዛ በሌለበት» የሚል ቃል የሚገኘው ለዚህ ነው። አይፒ 67 የሚለው የጥበቃ ደረጃም ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳያርፍ አያደርግም።

መፍትሄው ፈረቃው ሲጀመር ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ መወልወል፣ ከተቻለም ሴንሰሩን ከእንፋሎቱ ማራቅ ነው። ዘላቂው መፍትሄ ግን ትርፍ የብርሃን አቅምን የሚያሳየውን ግራፍ ማየት ነው። በዚያ ግራፍ 1 ማለት ብርሃኑ ለመሥራት ብቻ የሚበቃ ነው ማለት ስለሆነ፣ እርጥበትና አቧራ ባለበት ቦታ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚሰጥ ርቀት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ሴንሰሩን ካታሎጉ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ርቀት በእጅጉ አቅርቦ መትከል ማለት ነው።

ምልክት፦ ነጩን ካርቶን ያያል፣ ጥቁሩን ያልፈዋል

ብርሃኑ ከዕቃው ላይ ተመልሶ በሚነበብበት ዓይነት ሴንሰር፣ የተጻፈው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶ ብርሃን በሚመልስ ነጭ ወረቀት የተለካ ነው። ጥቁር ካርቶን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚመልስ ርቀቱ ያጥራል። ላኪና ተቀባዩ ፊት ለፊት የሚቆሙበትን ዓይነት ይጠቀሙ። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሪፍሌክተሩን መስሎ ካታለለ ፖላራይዝድ ማጣሪያ (ከሪፍሌክተሩ የተመለሰውን ብርሃን ከሌላው የሚለይ) ያለውን ይምረጡ፤ ጥርት ላለ የውኃ ጠርሙስ ደግሞ ብርሃን አሳላፊ ለሆኑ ዕቃዎች የተሠራው ብቻ ያስተማምናል።

ምልክት፦ ፍጥነት ሲጨመር ቆጠራው ይጎድላል

በሰከንድ 1 ሜትር በሚሄድ ኮንቬየር ላይ የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚቆየው 5 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የጨረሩ ውፍረትም ይህን ያሳጥረዋል። ሴንሰሩ በ1 ሚሊ ሰከንድ ቢመልስም፣ የፒኤልሲው (መስመሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) መግቢያ ማጣሪያ፣ ማለትም አጫጭር ምልክቶችን የሚያስቀረው ቅንብር፣ 10 ሚሊ ሰከንድ ላይ ከተስተካከለ ክፍተቱ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጣሪያውን ዝቅ ያድርጉ።

ምልክት፦ የሴንሰሩ መብራት ይበራል፣ ፒኤልሲው ግን አይቀበልም

የፒኤንፒ (ምልክቱን በፖዘቲቭ የሚሰጥ) እና የኤንፒኤን (በኔጋቲቭ የሚሰጥ) የሴንሰር መውጫ ዓይነቶች ከፒኤልሲው ጋር አለመጣጣም ሊሆን ይችላል። የፒኤልሲው የመግቢያ ካርድ ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ የጋራ ተርሚናሉን ሽቦ ይቀይሩ፤ ካልሆነ ከካርዱ ጋር የሚስማማውን ዓይነት ይዘዙ።