በዲግሪ ትምህርት መገባደጃ ኮሌጅ ለመቀየር ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሦስት ዓመት ያህል ተምሮ ውጤቱ የወረደበት ተማሪ ኮሌጅ መቀየርን ሲያስብ ሁለት ነገሮች በአንድነት ይጫኑታል፤ አንደኛው ያፈረበትን ግቢ ዳግመኛ ላለመርገጥ ያለው ፍላጎት ሲሆን፣ ሌላው እስከዚህ ድረስ የደከመበት ሁሉ ከንቱ እንዳይቀር ያለው ስጋት ነው። አንዱ ውጣ ሲለው ሌላው ቆይ ይለዋል። ውሳኔውን ለሁለቱም መተው አይበጅም፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት የሚደረግ ዝውውርና ለመመረቅ ጥቂት ሴሚስተር ሲቀር የሚደረግ ዝውውር ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚያስከፍሉት ዋጋ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ውጤት በወጣ ሳምንት መወሰን

ከሬጅስትራር የሚደርስ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት የለውም። ማስጠንቀቂያ፣ ፕሮቤሽን (ውጤትን ለማሻሻል የሚሰጥ የሙከራ ጊዜ) እና ስንብት ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ያለ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል ይችላል፣ የተሰናበተ ተማሪም ቢሆን በብዙ ኮሌጆች ይግባኝ የማቅረብ ወይም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዳግም ቅበላ የመጠየቅ መብት አለው። የይግባኙ ቀነ ገደብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ተማሪው በሐዘንና በኀፍረት ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ ያልፍበታል። በፕሮቤሽን ላይ ሳሉ ለዝውውር ማመልከትም ራሱን የቻለ ችግር አለው። ብዙ ተቀባይ ኮሌጆች አመልካቹ በነበረበት ተቋም በመልካም የትምህርት ሁኔታ ላይ መገኘቱን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ቆይቶ ውጤትን ማስተካከል፣ መሄድ ለቆረጠ ተማሪም ቢሆን የሚከፈቱለትን በሮች ያበዛለታል።

የወደቁበትን ምክንያት ሳይለዩ ቦታ መቀየር

ትራንስክሪፕትን፣ ማለትም የሁሉንም ኮርሶች ውጤት የያዘውን ማስረጃ፣ አማካይ ውጤቱን ብቻ አይቶ ማጠፍ የተለመደ ነው። ሊነበብ የሚገባው ግን ሴሚስተር በሴሚስተር፣ እርሳስ ተይዞ ነው። ውጤቱ የወረደው በሁሉም ኮርሶች ላይ በአንድ ጊዜ ከሆነ ምክንያቱ ከትምህርቱ ውጭ ያለ ነገር፣ ማለትም ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር፣ የገንዘብ እጦት ወይም እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ሥራ ሊሆን ይችላል። የወረደው በሒሳብ ላይ በተመሠረቱት ኮርሶች ብቻ ሆኖ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ፣ ችግሩ ያለው ምናልባት በኮሌጁ ሳይሆን በተመረጠው የትምህርት ዘርፍ ወይም ገና ከጅምሩ በላላ መሠረት ላይ ነው። ለዚህኛው መፍትሔው እዚያው ግቢ ውስጥ ዲፓርትመንት መቀየር ሊሆን ይችላል፤ የተወሰዱት የጋራ ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ ተይዘው ስለሚቆዩም ከዝውውር ይልቅ ኪሳራው ያነሰ ነው። ሌሊት የሚሠራ ተማሪ የሥራ ሰዓቱን ሳይቀንስ ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢሄድ ግን ድካሙ አብሮት ይዘዋወራል።

ስሌቱን ሳይሠሩ ተስፋ መቁረጥ ወይም ተስፋ ማድረግ

ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ስህተት ነው፤ አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ስሌት የሚመለስ ጥያቄ ወራት የሚፈጅ ጭንቀት ሲሆን ይታያል።

ለመመረቅ 120 ክሬዲት (የኮርሶች ክብደት መለኪያ) እና ቢያንስ 2.0 አማካይ ውጤት የሚጠየቅበትን፣ ከፍተኛው ነጥብ 4.0 የሆነበትን ሥርዓት እናስብ። አንድ ተማሪ 90 ክሬዲት ወስዶ አማካዩ 1.9 ቢሆን፣ እስካሁን የሰበሰበው ነጥብ 90 በ1.9 ተባዝቶ 171 ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልገው 120 በ2.0 ተባዝቶ 240 ነጥብ ነው። የጎደለው 69 ነጥብ ለቀሪው 30 ክሬዲት ሲካፈል 2.3 ይሆናል፤ ይህም ሲ ፕላስ ማለት ነው። አለቀልኝ ብሎ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የነበረው ተማሪ የሚጠበቅበት ይህን ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ኮሌጁ ተደግሞ የተወሰደ ኮርስ አዲስ ግሬድ አሮጌውን እንዲተካ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ዲ (1 ነጥብ) ያገኘባቸውን ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች በድጋሚ ወስዶ ቢ (3 ነጥብ) ቢያመጣ 12 ነጥብ ይጨመርለትና ሌላ ምንም አዲስ ኮርስ ሳይወስድ አማካዩ 2.03 ይደርሳል። ግሬድ የመተካት ዕድል በአብዛኛው የሚሠራው ኮርሱ በዚያው ኮሌጅ ሲደገም ነው፤ የሄደ ተማሪ ይህን ዕድል ትቶት ይሄዳል።

ስሌቱ የሚያጽናና ብቻ አይደለም። በ90 ክሬዲት 2.2 ያለው ተማሪ በ3.0 እመረቃለሁ ቢል፣ በቀሪው 30 ክሬዲት በአማካይ 5.4 ማምጣት ይኖርበታል፤ እንዲህ ያለ ግሬድ ደግሞ የለም። ይህ ተማሪ ግቡን መከለስ ይሻለዋል እንጂ ሊሆን የማይችለውን ነገር እያሰበ ሌላ ዓመት ማቃጠል የለበትም።

«ክሬዲቴ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለውን «ለዲግሪዬ ተቆጥሮልኛል» ብሎ መረዳት

ዘግይተው የሚዘዋወሩ ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ተቀባዩ ኮሌጅ አንድን ኮርስ ሊቀበልና በነጻ ምርጫ ኮርስነት ሊመዘግበው ይችላል፤ ለዋናው የትምህርት ዘርፍ የሚፈለገውን ኮርስ ግን አይተካም። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል።

ያንኑ ባለ 90 ክሬዲት ተማሪ ወደ አዲስ ኮሌጅ እናዛውረው። ብዙ ኮሌጆች ከሲ በታች የሆነ ግሬድ ስለማይቀበሉ 12 ክሬዲት ወደቀበት እንበል፤ 78 ቀረው። ከ78ቱ ውስጥ 24ቱ በነጻ ምርጫነት ቢመዘገቡና ዲግሪው ለነጻ ምርጫ የሚሆን ክፍት ቦታ ባይኖረው፣ በእውነት የሚቆጠርለት 54 ብቻ ነው። የሚቀረው 66 ክሬዲት በሴሚስተር 15 እየተወሰደ አምስት ሴሚስተር ይፈጃል። በነበረበት ቢቆይ ግን ቀሪው 30 ክሬዲት፣ የሚደገሙት ኮርሶች ተጨምረውም፣ በሦስት ሴሚስተር ያልቃል። የቅበላ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ግን 78 የሚለው አስደሳች ቁጥር ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ኮሌጆች ዲግሪ የሚሰጡት የተወሰነው የትምህርቱ ክፍል በራሳቸው ዘንድ ሲወሰድ ብቻ መሆኑ ነው፤ በአሜሪካ ብዙዎቹ ቢያንስ 30 ክሬዲት፣ አንዳንዶቹም የመጨረሻውን 30 ክሬዲት በእነርሱ ዘንድ መውሰድን ይጠይቃሉ። ሁለተኛው የኮርሶች ቅደም ተከተል ነው። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ሦስት ኮርሶች ቢቀሩና እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በተመሳሳይ ሴሚስተር የሚሰጡ ቢሆኑ፣ በክሬዲት ዘጠኝ ብቻ የሆነው ነገር በዘመን ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል።

በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የሊዝበን የዕውቅና ስምምነት በሌላ አገር የተማሩት ትምህርት ጉልህ ልዩነት ካለው በቀር ዕውቅና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ልዩነት አለ የሚል ተቋምም ይህን የማስረዳት ግዴታ አለበት። እዚህም ቢሆን ኮርሱ የትኛውን የዲግሪ መስፈርት እንደሚያሟላ መጠየቅ አይቀርም።

ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ይዞ የአቀባበሉን ግምገማ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቅበላ ቢሮው የሚቀርበው ጥያቄም «ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» የሚል ሳይሆን «ለመመረቅ የትኞቹ ኮርሶች ይቀሩኛል፣ መቼስ ይሰጣሉ?» የሚል ይሁን።

አሮጌው ውጤት ይጠፋል ብሎ ማሰብ

በብዙ ኮሌጆች የተዘዋወረ ተማሪ አማካይ ውጤት እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህ እውነት ነው፣ የሚያጓጓም ነው። የቀድሞው ትራንስክሪፕት ግን የትም አይሄድም። ለምሳሌ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት አመልካቹ የተማረባቸውን ኮሌጆች ሁሉ ውጤት አንድ ላይ ያሰላል። አዲሱ አማካይም በጥቂት ኮርሶች ላይ የቆመ ስለሆነ ተሰባሪ ነው፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከአራት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች በሦስቱ ቢ፣ በአንዱ ኤፍ ያገኘ ተማሪ አማካዩ 2.25 ይሆናል። የቀድሞውን ኮሌጅ ጨርሶ ሳይጠቅሱ ማመልከት ደግሞ ከስህተትም ያለፈ ነው፤ ሲደረስበት ቅበላን፣ አንዳንዴም የተሰጠ ዲግሪን ያሰርዛል።

ወጪውን በክፍያ ልክ ብቻ መመዘን

የአዲሱ ኮሌጅ የሴሚስተር ክፍያ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ርካሽ ሴሚስተር ግን ከሦስት ውድ ሴሚስተር ሊበልጥ ይችላል፣ ዘግይቶ ሥራ በመጀመር የሚታጣው ደመወዝም አለ። የመንግሥት ድጋፍ ገደብ እንዳለውም መዘንጋት የለበትም። በአሜሪካ የፌዴራል ድጋፍ የሚሰጠው እስከ ትምህርቱ ርዝመት 150 በመቶ፣ ማለትም ለባለ 120 ክሬዲት ዲግሪ እስከ 180 የተሞከረ (ቢያልፉትም ባያልፉትም የተመዘገቡበት) ክሬዲት ድረስ ሲሆን፣ ከሌላ ኮሌጅ የመጡና ተቀባይነት ያገኙ ክሬዲቶችም ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ።

መሄድና መቆየት ብቻ እንዳሉ ማሰብ

በእኔ ግምት 30 ክሬዲት ገደማ የቀረው ተማሪ መሄድ ያለበት ግልጽ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ይግባኙ ተዘግቶ ዳግም ቅበላ ሲከለከል፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና ሲያጣ ወይም ሲዘጋ፣ ወይም ጤናና ቤተሰብ በዚያ ቦታ መኖርን ሲያስቸግሩት። ከዚህ ውጭ ላለው መካከለኛ መንገዶች አሉ። አንዱ ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ማረፍ ነው። በሕመም ምክንያት የከሸፈ ሴሚስተር ካለ፣ በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ ወደ ኋላ ተመልሶ በዊዝድሮው፣ ማለትም ተማሪው ኮርሶቹን አቋርጦ እንደወጣ ተቆጥሮ፣ እንዲመዘገብ የሚፈቅዱ ኮሌጆችም አሉ። ሌላው መንገድ የቀሩ አንድ ሁለት ኮርሶችን በእንግዳ ተማሪነት በሌላ ኮሌጅ ወስዶ ክሬዲቱን ወደ ራስ ኮሌጅ ማምጣት ነው፤ ለዚህ ግን ከምዝገባው በፊት የዲፓርትመንቱና የሬጅስትራሩ የጽሑፍ ፈቃድ መገኘት አለበት፣ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ኮርስ ተመልሶ ላይቆጠር ይችላልና።

መሄዱ የግድ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ቀሪ ክፍያና የቤተ መጻሕፍት ዕዳ ካለ ትራንስክሪፕት እንዳያስይዝ አስቀድሞ ይከፈል፤ የአዲሱ ኮሌጅ ቅበላና የኮርሶች ግምገማ በጽሑፍ እጅ ይግባ፤ ከነባሩ ኮሌጅ የመልቀቂያ ቅጽ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።