ቂምን፣ ቅናትንና ቁጣን በአጭር ግጥም ውስጥ በምልክት መግለጥ

ሰውን ከውስጥ የሚያፈርሱ ስሜቶችን በአጭር ግጥም ለመግለጥ የሚነሣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የስሜቱን ስም በመጥራት ይጀምራል፤ «ቅናት አቃጠለኝ»፣ «ጥላቻ ፈጀን» ይላል። እንዲህ ያለው ስንኝ ቤት ቢመታም አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ከመድገም አያልፍም። ምልክት የሚያስፈልገው ስሜቱ ከየት እንደሚነሣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድና ማንን ቀድሞ እንደሚጎዳ በዓይን ለማሳየት ነው። ስለዚህ ምልክትና ስሜት በመልክ ከሚመሳሰሉ ይልቅ በአሠራር ቢመሳሰሉ ግጥሙ ይበረታል። የድሬዳዋ ወይም የሐረር ገጣሚ ደግሞ አሠራራቸውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ብዙ ነገሮች በዙሪያው አሉለት።

ከሁሉ በፊት ስሜቱን ከጎረቤቶቹ መለየት ይገባል። ቁጣ፣ ጥላቻ፣ ቂም፣ ቅናትና ምቀኝነት በዕለት ንግግር እየተቀላቀሉ ይነገራሉ፤ ጥፋታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጣ ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜም ያልበደለውን ያገኛል። ቂም የሚኖረው በመሸሸጉ ነው። ቅናት የሌላውን ሲያይ ይውላል፤ ምቀኝነት ግን ማየት አይበቃውም፣ ያየውን ማጥፋት ይፈልጋል። ገጣሚው ስለመረጠው ስሜት ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ምን ቀሰቀሰው? ምን ያህል ይቆያል? መጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? ለእያንዳንዳቸው በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ሳይጽፍ ምልክት ፍለጋ ባይወጣ ይሻለዋል።

በሌላ አገር የተሠራ ምልክትን እንዳለ መዋስ አደጋ አለው። አሜሪካዊው ሮበርት ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ዘጠኝ ስንኝ ብቻ ባለው ግጥም የዓለምን መጥፊያ በእሳትና በበረዶ መስሎ፣ ምኞትን ለእሳት፣ ጥላቻን ለበረዶ ሰጥቷል። ክረምቱ እጅግ በሚከብድበት አገር በረዶ ጸጥ ብሎ የሚገድል ነገር በመሆኑ ምልክቱ ሙሉ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው፣ ሙቀቷ በሚያነድደው ድሬዳዋ ግን በረዶ የሚታወቀው በመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ፣ የጥም ማርኪያ ሆኖ ነው። እዚያ ተቀምጦ «ልቡ በረዶ ሆነ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ሳያስበው ሊያረካው ይችላል።

አሁን ቂምን እንውሰድ። በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተከድኖ በአፈር ይደፈናል። ላይ ላዩን የሚሄድ ሰው ከእግሩ በታች ምን እንዳለ አያውቅም። ከታች ግን እህሉ ይተነፍሳል፤ ውስጥ ያለውን ንጹሕ አየር ጨርሶ በምትኩ የሚያፍን አየር ይተዋል፤ እርጥበት ካገኘውም ሽታውና ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው አይገባበትም፤ አየር እስኪለወጥ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህን ሳይጠብቅ የሚገባ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከላይ ለተዘረዘሩት ሦስት ጥያቄዎች የዚህን ያህል ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ሌላ የቂም ምልክት ለማግኘት እቸገራለሁ፤ የሚቀሰቅሰው መሸሸጉ ነው፣ መቆየቱ አለ፣ ቀድሞ የሚጎዳውም ራሱ የቀበረው ነው። በስንኝ ሲሆን እንዲህ ሊባል ይችላል፦

ማሽላውን ቀብሮ፣ አፉን የደፈነው፣
ከፍቶ የገባ ዕለት፣ ትንፋሽ ያጣ እሱ ነው።

ይህ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፣ በመካከላቸውም ዕረፍት አለ። ለሚያፈርሱ ስሜቶች ይህን ምጣኔ የምመርጠው እርጋታ ስላለው ነው፤ ድምፁ ሳይቸኩል የሚነገር ክፉ ነገር ከጩኸት ይልቅ ያስደነግጣል። «አፉን የደፈነው» የሚለውን ሐረግ ደግሞ አንባቢው ቆም ብሎ ይመልከተው። ሰሙ የጉድጓዱን አፍ ስለደፈነ ገበሬ ይናገራል፤ ወርቁ ግን የደረሰበትን በደል ሳይናገር የራሱን አፍ ስለዘጋ ሰው ነው። ኅብሩ፣ ማለትም ሰምና ወርቁን በአንድነት የያዘው ቃል፣ ከሩቅ አልመጣም፤ ጉድጓዱም ሰውዬውም አፍ ስላላቸው በአንድ ሐረግ ተገናኙ። ምልክቱ በአሠራር ሲገጥም ኅብር ብዙ ጊዜ ሳይፈለግ ይገኛል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረትም የሚያስተምረን ይኸው ነው፤ የተደበቀው ነገር ደብቆ የያዘውን ሰው ራሱን እንደሚያጋልጠው በሁለት አጭር ሐረግ አስቀምጦታል።

ለቅናት ወደ ድሬዳዋ እንውረድ። ከተማዋን የወለደቻት ምድር ባቡር ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ደረሰ። ዛሬ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ያልፋል። የአሮጌውን ሐዲድ ሁኔታ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ላዩ መስተዋት ያህል ያበራል፤ ሥራ የፈታ ሐዲድ ግን ይዝጋል። ብረቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው መንኰራኩሩ ነው። ዝገት ደግሞ ብረቱን ራሱን እየበላ የሚያድግ እንጂ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚጫን ነገር አይደለም።

ባቡር የሄደበት፣ ሐዲድ ሲያበራ፣
ተኝቶ የሚያየው፣ ዝገቱን አፈራ።

እዚህ ላይ የሚያስተምረው የግሡ ምርጫ ነው። «ዝገት ያዘው» ቢባል ሐዲዱ የተበደለ ይሆናል፤ አንባቢውም ያዝንለታል። «አፈራ» ሲባል ግን ዝገቱ የራሱ ፍሬ ሆነ። በአጭር ግጥም ውስጥ ፍርድ የሚሰጠው በግሥ ነው፤ ቅጽል እየደረደሩ «ክፉ»፣ «ጨካኝ»፣ «መርዘኛ» ማለት ግን ቦታ ከመያዝ በቀር አይረዳም።

የቁጣው ምልክት ደቻቱ ነው። የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለያየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ከደንገጎ በኩል ባሉት ከፍታዎች ሲዘንብ ግን ከተማው ጠብታ ሳያይ ጎርፍ ይመጣል።

ደጋው ላይ ዘነበ፣ እዚህ ፀሐይ ሳለ፤
ያልበደለውን ቤት፣ ደቻቱ ነቀለ።

ቁጣ ሌላ ቦታ ተጠራቅሞ ሌላ ቦታ እንደሚወርድ ይህ ምልክት በሚገባ ይናገራል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ፣ ቤተሰባቸውን ያጡ ሰዎችም በከተማው እንደሚኖሩ መርሳት አይገባም። ደቻቱን ለማስፈራሪያ ወይም ለጌጥ መጥራት ነውር ነው፤ የሚጠራው ለንጹሕ ተጎጂ ሲያዝን ብቻ ይሁን። «ያልበደለውን» የሚለው ቃል በሁለተኛው ስንኝ መጀመሪያ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ስግብግብነትን በጅብ መመሰል በአማርኛ የተለመደ ነው፤ ማንነቱን በማያውቁት ዘንድ ስለሚኮፈስ ሰው የሚነገረውን «ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረትስ ማን ያጣዋል? ሐረር ግን ጅብን ያውቀዋል። በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ በሰው እጅ ሥጋ ይበላል፤ በዓሹራ በዓል ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል። ስለዚህ የሐረር ገጣሚ «ጅብ» ብሎ ዝም ቢል አንባቢው ስግብግብነትን ሳይሆን ጉርብትናን ሊረዳ ይችላል። ምልክቱን መጠቀም ከፈለገ ከቦታው ትርጉም ጋር መታገል ወይም ያንኑ ትርጉም መጠቀም አለበት፤ ለምሳሌ እንግዳ የሚፈራው አውሬ ድርሻውን በልቶ ሲመለስ፣ የጠገበው ሰው ግን አልበቃ ብሎት ሲቀር ሊያሳይ ይችላል።

ምቀኝነትን ለልምምድ እተወዋለሁ፤ ፍንጩ አቀንጭራ ነው። ይህ አረም በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ከመሬት በታች ምግቡን ይወስዳል፤ ማሽላው የሚጎዳው አረሙ ገና ሳይታይ ነው፤ ብቅ ሲልም የሚያምር ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ከዚህ ሁለት ስንኝ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከአበባው ይጀምር፤ ጥፋቱን ወደ መጨረሻው ሐረግ ያዘግየው።

ስንኞቹ ከተጻፉ በኋላ የሚቀረው ማረም ነው። በሁለትና በአራት ስንኝ ግጥም ውስጥ ከአንድ በላይ ምልክት አይግባ፤ ሐዲድና ጎርፍ አብረው ቢመጡ አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል። «ቂምም እንዲሁ ነው» የሚል ማብራሪያ ስንኝ ካለ ይሰረዝ። ከዚያ ግጥሙን ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ማንበብ ይጠቅማል፤ የጉድጓዱን ለገበሬ፣ የሐዲዱን በምድር ባቡር ለሠራ አዛውንት። እነሱ «እንዲህ አይሆንም» ካሉ ወርቁ የቱንም ያህል ቢያምር ሰሙ ውሸት ነውና ስንኙ እንደገና ይሠራ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ይነበብና ስለ ምን ስሜት እንደሆነ ይጠየቅ፤ «ቁጣ ነው» ብሎ ቂምን ከሳተ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጊዜው ላይ ነው፤ ስንኙ የመቆየትን ስሜት አልሰጠም ማለት ነው። የስሜቱ ስም የግድ መጠራት ካለበት ቦታው ርእሱ ነው፤ ግን ከተቻለ እዚያም ባይጻፍና የማሽላው ግጥም «ጉድጓድ»፣ የባቡሩ «ሐዲድ» ተብሎ ቢሰየም ይመረጣል።