በገንዲ በሽታ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በዲዴሳ፣ በጊቤ ወይም በኦሞ ሸለቆ ከብት ለሚያረባ ሰው ስለ ገንዲ (በዋናነት የቆላ ዝንብ ወይም ፄፄ ስትነክስ ስለምታስተላልፈው የደም ተውሳክ በሽታ) መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሬው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ላሟ ወተቷ ይነጥፋል፣ ያረገዘችው ትጨነግፋለች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር የሚበላሸው ሕክምናው ላይ ነው።

ዋናው ስህተት መድኃኒት መቆንጠር ነው። ቤሬኒል እያልን የምንጠራው ዲሚናዚን የሚሰጠው በከብቱ ክብደት ልክ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 3.5 ሚሊግራም። 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘችው ትንሿ ከረጢት የምትበቃው ለአንድ 300 ኪሎ ከብት ነው። ብዙ ቦታ ግን አንዷ ከረጢት ትበጠበጥና ለሁለት በሬ ትካፈላለች። ገንዘብ ተረፈ ይባላል። በሬውም ለጥቂት ቀን ሻል ይለዋል። ደሙ ውስጥ የተረፉት ተውሳኮች ግን መድኃኒቱን የቻሉት ናቸው። ዝንቡ ወደሚቀጥለው ከብት የሚያደርሰውም እነሱን ነው። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የማይበግረው ገንዲ መኖሩ ከታወቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ክብደቱን በዓይን መገመትም አያዋጣም። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ልኬቱን ለባለሙያ መንገር ይሻላል።

ማከሚያውንና መከላከያውን የሚያምታታም ሞልቷል። ዲሚናዚን ያለውን በሽታ ያክማል እንጂ ለወራት አይጠብቅም። ከሁለት እስከ አራት ወር ገደማ የሚጠብቀው ኢሶሜታሚዲየም ነው። እሱም ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ካልተወጋ ቦታው ያብጣል፣ ይቆስላል። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ጉልት የተገዛ መድኃኒትማ ባይነሳ ይሻላል።

የከሳን ሁሉ ገንዲ ማለትም አለ። የጉበት ትልም ያከሳል፣ ረሃብም ያከሳል። ከጆሮ ደም ሥር የተወሰደች ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ብትታይ ብዙ ክርክር ትዘጋለች።

«እኛ ጋ የቆላ ዝንብ የለም፣ ገንዲም የለም» የሚለውስ? ጣና ዙሪያ ፄፄ ሳይኖር በሌሎች ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ገንዲ አለ። ግመልንም የሚያጠቃው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ግመል ዲሚናዚንን በደንብ አይችልም። ለበሬ የተረፈውን ለግመል መውጋት ሊገድለው ይችላል።

መርፌ እየወጉ ዝንቡን መርሳት ደግሞ ውኃ በወንፊት ነው። የቆላ ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ እጭ ብቻ በሆዷ አሳድጋ ጥላ ያለበት አፈር ላይ ትወልዳለች። ስለዚህ ቶሎ አትበዛም፣ ከተገደለችም ቶሎ አትተካም። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያለው ወጥመድ የሚሠራው ለዚህ ነው። ጨርቁን አውልቆ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው እንዳለ ግን አንደባበቅ። ዝንብ የሚገድለው ዴልታሜትሪን ከብቱ ላይ ሲረጭም እግርና ሆድ አይዘለል። ዝንቡ በብዛት የሚነክሰው እዚያ ነው።

የሰው ጉዳይ ይለያል። አብዛኛው የከብት ገንዲ ሰው አይይዝም። አንዱ ዓይነት ግን የእንቅልፍ በሽታን ያመጣል፤ ከብትም ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጋምቤላ ውስጥ ወረርሽኝ አስነስቷል። በ2022 ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ አካባቢ እንደገና ታይቷል። እዚህ ላይ ያለው ስህተት ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት ነው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ይህን ተውሳክ አያሳይም። ደሙ በመስታወት ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሊገኝ ይችላል። ከቆላ መጥተው ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት፣ በተለይ የተነከሱበት ቦታ ካበጠ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት የት እንደነበሩና ምን እንደነከሰዎት ይንገሩት።