ሳልቫዶር ከሄዳችሁ አካራዤውን በትኩሱ

ብራዚል፣ ሳልቫዶር የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሬስቶራንት ከመግባታችሁ በፊት መንገድ ዳር አካራዤ የሚባለውን የቦሎቄ ጥብስ ቅመሱ። ነጭ ቀሚስ የለበሱና ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ናቸው የሚሸጡት። ጥቁር ነጥብ ያለበት ነጭ ቦሎቄ ይፈጭና ከሽንኩርት ጋር ይመታል። ከዚያ በቀይ የዘንባባ ዘይት ይጠበሳል። ሲወጣ መሃሉ ይሰነጠቅና ቫታፓ የሚባል ወፍራም ማባያ፣ ቲማቲምና የደረቀ ሽሪምፕ ይጠቀጠቅበታል። ወረፋ ያለበትን ምረጡ፤ ከድስቱ ቶሎ ቶሎ የሚወጣው እዚያ ነው።

ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብላችሁ በቃሪያው ዳጣ አትፎክሩ። መጀመሪያ በትንሹ ይቀባላችሁ። ዘይቱም ከባድ ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን አንድ ይበቃል። ጾመኞች ደግሞ ልብ በሉ፦ ቫታፓው ውስጥም ሽሪምፕ አለ፤ ባዶውን በቲማቲም ብቻ ማዘዝ ይሻላል።

ሞኬካ የሚባለው የዓሣ ወጥ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሰው ነው የሚቀርበው። ለየብቻ ካዘዛችሁ ጠረጴዛው አይበቃችሁም።

ባሕር ዳርቻ አሸዋው ላይ ወንበር ስባችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። አንዳንዱ በነጻ ነው፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ ሌላው ደግሞ ይህን ያህል ካላዘዛችሁ ይላል። ሒሳቡ ላይ የሚጨመረው 10 በመቶ የአስተናጋጅ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም ብዙው ሰው ይከፍለዋል።

ለጥም ፊታችሁ የሚቆረጥ ቀዝቃዛ ኮኮናት የሚያህል የለም። ካይፒሪኛ የሚባለው መጠጥ ግን ስኳሩና ሎሚው ያታልላል። ውስጡ ያለው ካሻሳ 40 በመቶ አካባቢ አልኮል ነው፤ በዚያ ፀሐይ ላይ ሁለተኛውን ሳትጨርሱ አናት ላይ ይወጣል።