ሁለት ወንድ ጊኒ ፒጎች አብረው ሲኖሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሶፋችን ጀርባ ቡላና ዳማ የሚባሉ ሁለት ወንድ ጊኒ ፒጎች (ጅራት የሌላቸው፣ አይጥ መሰል ትናንሽ የቤት እንስሳት) አሉን። በቀለማቸው ስም ያወጣችላቸው ልጄ ናት። ስንገዛቸው «ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ተስማምተው ይኖራሉ» ተብለን ነበር። ወንድ መሆናቸውን ያወቅነው ሦስት ወር አካባቢ ሲሞላቸው ነው፤ መጣላት የጀመሩትም ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ጎረቤትና ዘመድ ሲጨነቅ ይደውልልኛል። ሁሉም «አንደኛው ክፉ ሆነብኝ» ይላሉ። እኔ ግን እስካሁን ክፉ ጊኒ ፒግ አላየሁም። ያየሁት የጠበበ ቤት፣ የተቻኮለ ሰው፣ አንዳንዴም የዘገየ ሰው ነው።

ድምፅ በተሰማ ቁጥር መለያየት

ወንዱ ገና ከሦስት ሳምንቱ ጀምሮ ማስረገዝ ይችላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደሙ ይፈላል፤ ብዙዎቹ ረጋ የሚሉት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ አንዱ ዳሌውን እያወዛወዘ፣ በጉሮሮው «ኩርርር» እያለ ሌላውን ይዞረዋል። ያሳድደዋል፤ ይወጣበታል። ሰው ሲያየው ይደነግጣል፤ እነሱ ግን ታላቅና ታናሹን እየለዩ ነው። በዚህ ሰዓት አንዱን አንስታችሁ ሌላ ክፍል ብታሳድሩት፣ ነገ ሲመለስ ያ የተጀመረ ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ተዉአቸው፤ ግን ከአጠገባቸው አትራቁ።

የእውነተኛው ጠብ ምልክት ሌላ ነው። ጥርስ ይፋጫል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ ነው። የአንገት ፀጉር ይቆማል። እንደሚያዛጋ ሰው አፉን ከፍቶ የፊት ጥርሱን ያሳያል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ግን ማንም ወደ ኋላ አለማለቱ ነው። አንዱ ከሸሸ ጉዳዩ አልቋል፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ተፋጠው ከቆሙ ግን ቀጥሎ የሚመጣው እየዘለሉ መነካከስ ነው። ያኔ መሃላቸው ካርቶን አስገቡ፣ ወይም ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው።

እጅ ማስገባት

በፍጹም አታድርጉት። ሲናደዱ ጣትና ባላንጣ አይለዩም፤ የፊት ጥርሳቸውም ጥልቅ ቁስል ያወጣል። ልጆችን ይህንን አስቀድማችሁ አስተምሯቸው።

ለአንድ የማይበቃ ቤት ለሁለት መስጠት

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ትልቁ ፈተናችን ይህ ነው። ለሁለት ወንዶች ከ1 ካሬ ሜትር ያላነሰ ወለል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር። ፎቅ መሥራት አይተካውም፤ የሚሮጡትም የሚሸሹትም በወለሉ ላይ ነው። እኛ መጀመሪያ የነበረን የዚያ ግማሽ ነበር። ብረት ቤት ሄጄ የሽቦ ግድግዳ አሠራሁና ወለሉን ሳሰፋላቸው፣ በሳምንት ውስጥ ማሳደዱ በግልጽ ቀነሰ።

ሌላው ነገር ሁሉም ዕቃ ሁለት ሁለት መሆኑ ነው። ሁለት የውሃ ጠርሙስ፣ ሁለት የምግብ ሳህን፣ ሁለት ክምር ድርቆሽ፣ እነሱም ዳርና ዳር ላይ። ጎን ለጎን ካስቀመጣችኋቸው አንዱ ሁለቱንም ይጠብቃል። መደበቂያውን እኔ ከውሃ ካርቶን ነው የምሠራው፤ ዋጋ የለውም፣ ሲበላሽ ይጣላል። ግን በር ሁለት ይሁንለት። አንድ በር ብቻ ካለው ታናሹ ገብቶ ታላቁ በሩ ላይ ይቆምበታል። መውጫ ያጣ እንስሳ ደግሞ ይነክሳል።

ሽታቸውን ጠርጎ ማጥፋት

ይህን የተማርኩት በፋሲካ ዋዜማ ነው። ቤት ሳጸዳ የእነሱንም ወለል በበረኪና አጥቤ፣ ንጣፉን በሙሉ ቀይሬ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ግድም ያ ቀጭ ቀጭ ቀሰቀሰኝ። ስነሳ የዳማ አንገት እንደ ጃርት ቆሟል፤ ቡላ ጥግ ይዟል፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ደም አለ። እነዚህ እንስሳት ቤታቸውን የሚያውቁት መቀመጫቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ በሚተዉት ሽታ ነው። ያ ሲጠፋ ቤቱ የማንም ይሆንና ድንበሩ እንደገና ይከለላል። አሁን የረጠበውን በየቀኑ አነሳለሁ፣ ሙሉውን ስቀይር ግን ከአሮጌው ንጣፍ አንድ እፍኝ አስቀርቼ እመልስላቸዋለሁ። የእንጨት ቤት ሰጋቱራም ለንጣፍ አይሆንም፤ ብናኙ ሳንባቸውን ይጎዳል።

ሴት ማምጣት

የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን ሴት ጊኒ ፒጓን አቅፋ መጣች። «እትዬ፣ ትንሽ አብራቸው ትጫወት?» አለችኝ። በር ላይ ነው የመለስኳት፤ ልቧ እንዳይሰበር ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሁለት ወንዶች ሴት ካዩ፣ አንዳንዴ ሽታዋ ብቻ ከደረሳቸው፣ የነበራቸው ስምምነት ይፈርሳል። ሴት ከነካችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ነው ወደ ወንዶቹ የምትመለሱት። ሦስተኛ ወንድ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ተስማምተው ከኖሩ ሁለት ይሁኑ።

«ይኮላሽና ይረጋል» ማለት

በሬ ሲኮላሽ ስለሚረጋ ሰው ይህን ቢያስብ አይገርምም። በወንድ ጊኒ ፒጎች መሃል ላለ ጠብ ግን ማኮላሸት አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። የሚጠቅመው ወንዱን ከሴት ጋር ለማኖር ነው፤ ያም ቢሆን ከቀዶ ጥገናው በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ስለሚችል ተለይቶ ይቆያል።

ሕመሙን አለማየት

ተስማምቶ የኖረ ጊኒ ፒግ በድንገት ነካሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው፤ የቆዳ ቅንቅን፣ የጥርስ ችግር፣ የቫይታሚን ሲ እጥረት። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው አይሠራም፤ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል። የፈረንጅ ቃሪያ ለዚህ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗቸው፤ አንዱ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ወይ ታሟል፣ ወይ ከምግቡ እየተባረረ ነው።

ቁስሉን በቤት መድኃኒት ማከም

እባካችሁ ይህችን በደንብ ያዙልኝ። እቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ለጊኒ ፒግ አትስጡ። በአፍ የተሰጠ ፔኒሲሊን ነክ መድኃኒት ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ እንስሳውን ራሱን ሊገድል ይችላል። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው በገባበት ውሃ እጠቡና ሐኪም ጋ ውሰዱት። ንክሻ ከላይ የዳነ መስሎ ከሥር መግል ስለሚቋጥር ለቀናት በጣት እየዳሰሳችሁ እብጠት ፈልጉ።

ደም ከፈሰሰ በኋላ «እንሞክራቸው» ማለት

የቡላ ጆሮ ጭረት ብቻ ነበር። ጥልቅ ንክሻ ከደረሰ ግን መለየት ነው፤ መልሶ ማጋጠም ብዙ ጊዜ የባሰ ቁስል ያመጣል። መለየት ማለት ግን ሌላ ክፍል መውሰድ አይደለም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ይከፋቸዋል። አራት ኪሎ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ የሁለቱን ቤት መሃሉን በሽቦ ከፍሎታል። ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ድርቆሹንም በአንድ ሰዓት ነው የሚበሉት። ባለፈው ሄጄ ሳድር ሌሊት ባትሪ አብርቼ አየኋቸው፤ ሁለቱም ሽቦውን ተደግፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተኝተዋል።